በሌዘር የሚስተካከል ዓይንና የአፈጣጠር ጥያቄ

ዕይታን በሌዘር ማስተካከል ከብዙዎቹ የዓይን ቀዶ ሕክምናዎች የሚለየው የሚነካው አካል ያልታመመ በመሆኑ ነው። በሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የሚወጣው የደፈረሰ ሌንስ ነው፤ እዚህ ግን ጨረሩ የሚያርፈው ጥርት ባለው ኮርኒያ፣ በተለምዶ የዓይን ብሌን በሚባለው አካል ላይ ነው። የዚህ አካል ውፍረት መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ላሲክ በተባለው ዘዴ ዓይኑ በማደንዘዣ ጠብታ ከደነዘዘ በኋላ የኮርኒያው የላይኛው ገጽ እንደ ክዳን ተከፍቶ ወደ ጎን ይታጠፋል። የ193 ናኖ ሜትር ጨረር የሚያመነጨው ኤክሳይመር ሌዘር ከሥር ያለውን በስስ በስሱ እየላገ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ክዳኑም ያለ ስፌት ወደ ቦታው ይመለሳል። የተላገው ግን ተመልሶ አይተካም።

የሃይማኖቱ ጥያቄም የሚነሳው ከዚሁ ነው፦ ፈጣሪ የሠራውን፣ ያውም ያልታመመውን፣ መቁረጥ ይገባል?

መጽሐፈ ሲራክ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው፣ ሐኪም እንዲከበር ያዛል። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስም ሕክምናን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሎ አስተምሯል። በእስልምና ጥያቄው ይበልጥ ተብላልቷል። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 119 የአላህን ፍጥረት መለወጥን ከሰይጣን ማሳሳቻዎች ይቆጥረዋል። በሌላ በኩል በውጊያ አፍንጫውን ያጣው አርፈጃ የብር አፍንጫ አሠርቶ ስለሸተተበት፣ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ነቢዩ የወርቅ እንዲያደርግ እንደነገሩት በሐዲስ ተዘግቧል። ብዙ ሊቃውንት ጉድለትን መጠገንን ለውበት ብቻ ከመለወጥ የሚለዩት በዚህ ተመርኩዘው ነው።

ዓይን የተሠራው ለማየት ከሆነ፣ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሳይደርስ ከፊቱ የሚሰበሰብበት ዓይን በእርግጥ ጉድለት አለበት፤ እሱን ማቃናትም ከአርፈጃ አፍንጫ የራቀ አይደለም። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ መነጽር መኖሩ። መነጽር ያንኑ ጉድለት ምንም ሳይቆርጥ ይሸፍናል፤ ማታም ይወልቃል። ሌዘሩ ግን የዓይን ድርቀትና በመብራት ዙሪያ የሚታይ የብርሃን ቀለበት ሊያስከትል ይችላል፤ አልፎ አልፎም ኮርኒያው ላልቶ ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ኮርኒያው የሳሳበትን ሰው፣ ምንም ያህል ቢለምን፣ አይሆንም ብሎ መመለስ የሐኪሙ የሕሊና ግዴታ ነው። ለሚስማማውም ሰው ቢሆን 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ለንባብ መነጽር ሊያስፈልገው እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ በዚያ ዕድሜ የሚጠነክረው የውስጡ ሌንስ ነው፣ ሌዘሩም እሱን አይነካውም።