ፊት ለፊት የመጠየቅ ዕዳ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ሳንፍራንሲስኮ በተካሄደ የኮምፒውተር ጉባኤ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሜንሎ ፓርክ ከነበሩት ባልደረቦቹ ጋር በስክሪን እየተያየ ሲነጋገርና አንድን ሰነድ አብሮ ሲያርም አሳየ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመዱት የቪዲዮ ስብሰባና በአንድ ሰነድ ላይ በጋራ መሥራት በዚያን ቀን በሕዝብ ፊት ታዩ። ይህን ለማየት አንድ ሺህ ያህል ባለሙያዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ሰዎች ሳይገናኙ አብረው መሥራት እንደሚችሉ የተመሰከረው በአካል ለተገናኙ ሰዎች ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ነገሩ አልተለወጠም። ኢንተርፕራይዝ ኮኔክት የተባለው ጉባኤ ለብዙ ዓመታት በፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ሲካሄድ፣ የመሥሪያ ቤት ስልክን፣ የቪዲዮ ስብሰባንና የመልእክት መለዋወጫን የሚሠሩ፣ የሚሸጡና የሚያማክሩ ሰዎች በአውሮፕላን እየተጓዙ ይገናኙበት ነበር። ይህ ከልማድ ያለፈ ምክንያት አለው? ሰው ራሱ ሲመጣ የሚገኝ፣ መልእክቱ ብቻ ሲደርስ ግን የማይገኝ ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን የንግድ ቢመስልም ሃይማኖትም ፍልስፍናም ለብዙ ዘመን ያሰላሰሉት ነው።

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በአማካሪው ላይ ነው። የድርጅቶች የመገናኛ ሶፍትዌር አማካሪ የሚባለው፣ አንድ ባንክ ወይም ሆስፒታል ስልኩንና ስብሰባውን በየትኛው ሥርዓት ላይ ቢያደርግ እንደሚሻለው የሚመክር ባለሙያ ነው። ሶፍትዌሩን እሱ አልሠራውም፤ ውስጡንም አላየውም። ከሚናገረው አብዛኛውን የሰማው ከሌሎች ነው፤ ገሚሱን ከአምራቹ፣ ገሚሱን ቀድመው ሥርዓቱን ካስገቡ ድርጅቶች። ደንበኛው ደግሞ የእሱን ቃል ይዞ ለዓመታት የሚያስረው ውል ይፈርማል። ስለዚህ ይህ ሙያ በመሠረቱ የምስክርነት ሙያ ነው። የሌላን ሰው ቃል ማመን መቼ ተገቢ ይሆናል? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ሂዩም ምስክርን የምናምነው ቃሉ እውነት ሆኖ ሲገኝ በተደጋጋሚ ስላየን ነው ሲል፣ ቶማስ ሪድ በበኩሉ ሌላውን ማመን ከተፈጥሮ የተሰጠን ዝንባሌ ነው ብሎ ተከራከረ። በእኔ እምነት ለአማካሪው ከሁለቱ አንዱም አይበቃውም። ትናንት የወጣ ሶፍትዌር ሂዩም የሚፈልገው ታሪክ የለውም። ከሽያጩ የሚጠቀም ሰው የሚናገረውን በሪድ የዋህነት መቀበልም ደንበኛን አሳልፎ መስጠት ነው። የሚቀረው ሦስተኛ መንገድ፣ ተናጋሪው ለመጠየቅና ለመመርመር ራሱን ማቅረቡ ነው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ማይክሮሶፍት ኦርላንዶ ውስጥ ባካሄደው ኢግናይት በተባለው ጉባኤው ላይ፣ ስካይፕ ፎር ቢዝነስ ኦንላይን የተባለው የመሥሪያ ቤቶች የጥሪና የስብሰባ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ቲምስ በተባለው ሌላ አገልግሎቱ እንደሚተካ አስታወቀ። ዜናውን ለማወቅ ኦርላንዶ መገኘት አያስፈልግም ነበር፤ የትም ያለ ሰው በዚያው ቀን ሊያነበው ይችላል። ደንበኛውን በስካይፕ ላይ ላስቀመጠ አማካሪ ግን ከዜናው በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ይበልጡ ነበር። ጥሪ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ማስተላለፍ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ይሠራል ወይስ ገና ሊሠራ ታቅዷል? የአደጋ ጊዜ ጥሪስ? ደዋዮችን በተራ ማቆየትስ? አሮጌው አገልግሎት የተዘጋው እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2021 ነው፤ በመካከሉ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ «አለ» የሚባለውን «ይኖራል» ከሚባለው መለየት የአማካሪው ዋና ሥራ ነበር። ያንን የሚለየው ደግሞ ሥራውን የሚያውቀውን መሐንዲስ አግኝቶ፣ መልሱ ድፍን ሲሆን ሁለተኛ፣ ሁለተኛውም ድፍን ሲሆን ሦስተኛ ጥያቄ በመጠየቅ ነው።

ሶቅራጥስ ፌድሮስ በተባለው የፕላቶን ድርሰት ውስጥ በጽሑፍ ላይ ያቀረበው ክስ ይኸው ነው፤ የተጻፈ ነገር ሲጠየቅ ያንኑ ይደግማል፤ ሲነቀፍም ራሱን መከላከል አይችልም። በአገራችን የቅኔ ጉባኤ ቤት ይህን ጉዳይ ያለ ክርክር በሥርዓት ፈቶታል። ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪውም ያንን ቃል ለምን እንደ መረጠ እዚያው ይጠየቃል። እውቀቱ የሚረጋገጠው በመልሱ ነው። እኔም ጉባኤ መሄድን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። በአካል መገኘት ክብሩ ከተጠያቂነት ይመነጫል። ተጠያቂነት የሌለበት መሰብሰብ፣ ሰው የቱንም ያህል ቢበዛበት፣ አየር ላይ ከተላከ መልእክት አይሻልም።

ይህን ከምንም በላይ የሚያስረዳው የኒቅያ ጉባኤ ታሪክ ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በእስክንድርያው ጳጳስ በእለእስክንድሮስና በካህኑ በአርዮስ መካከል የተነሣውን ክርክር ለማብረድ መጀመሪያ የሞከረው ደብዳቤን ነበር። ለሁለቱም ጽፎ፣ ነገሩን እንዲተዉትና እንዲታረቁ ለምኖ፣ ደብዳቤውን በኮርዶባው ጳጳስ በሆስዮስ እጅ ወደ እስክንድርያ ላከ። አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ325 ጳጳሳቱን በመንግሥት መጓጓዣ ወደ ኒቅያ አስመጣቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምዕት ተብለው የሚታሰቡት 318ቱ እነሱ ናቸው። እዚያ እያንዳንዱ በቀረበው የሃይማኖት መግለጫ ላይ አዎን ወይም አይደለም ማለት ነበረበት። ከሊቢያ የመጡት ሴኩንዶስና ቴዎናስ አንፈርምም ብለው ተጋዙ። አንድ ታሪክ አዋቂ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል፤ ክርክሩ በኒቅያ አልተዘጋምና። እስከ ቁስጥንጥንያው ጉባኤ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 381 ድረስ ቀጥሏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ባለበት አዳራሽ ውስጥ መገኘትም ለፍርሃት ይዳርጋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም መሰብሰብ ስምምነትን ይወልዳል አላልኩም። ደብዳቤ ማንም አንብቦ ዝም ሊልበት ይችላል። በጉባኤ ፊት ግን ዝምታ ራሱ መልስ ሆኖ ይቆጠራል፤ የፈረመ ሰው በኋላ ሲያፈገፍግም ፊርማው ይጠየቅበታል። የፍርሃቱን ነገር በተመለከተ፣ መድረኩን የያዘው ኃይለኛ ሲሆን በአካል መገኘት ለጥያቄ መንገድ ከመክፈት ይልቅ ሊዘጋው እንደሚችል መካድ አይቻልም። የዘመናችን የቴክኖሎጂ ጉባኤዎች ዋና ሕመምም ይኸው ነው።

እንደምናውቀው የእነዚህ ጉባኤዎች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በሻጮች ገንዘብ ነው። ሰፊውን ማሳያ ቦታ የሚከራየው፣ ዋናውን ንግግር የሚያደርገው፣ እራት የሚጋብዘው ሻጩ ነው። ስለዚህ «ጉባኤ ማለት ገበያ ነው፤ ንግግሩ በቪዲዮ ይታያል፤ አማካሪው ሄዶ የሚያገኘው ስጦታና ውለታ ነው» የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ይናገራል። ለመድረኩ እኔም አልከላከልለትም። ጥያቄ የማይቀርብበት ንግግር ጮክ ብሎ የተነበበ ደብዳቤ ነውና ቤት ሆኖ ማየቱ ይበቃል። ውለታውም ምስክርነትን ያበላሻል፤ የሻጭን እራት የበላ አማካሪ ይህንን ለደንበኛው መናገር አለበት። ነገር ግን ይህ ወቀሳ የሚመታው የጉባኤውን አንድ ክፍል ነው። በሻይ ዕረፍት፣ በኮሪደር፣ በተጠቃሚዎች ትንንሽ ክፍሎች የሚሆነው ሌላ ነው። ሥርዓቱን ያስገባ የሆስፒታል ባለሙያ ከመሐንዲሱ ጎን ቆሞ «እኛ ዘንድ እንዲህ አልሠራም» ሲል ሌሎች ደንበኞች ይሰማሉ፤ ሻጩም ለአንዱ የሰጠውን መልስ ለሌላው መለወጥ ያቅተዋል። አማካሪውም ራሱ አያመልጥም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የመከረውን ሰምቶ የተጎዳ ሰው እዚያው ሊያገኘው ይችላል።

ጥናቶቹም ቢሆኑ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ይዘዋል። ሜላኒ ብሩክስና ጆናታን ሌቫቭ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ላይ ባወጡት ጥናት፣ በቤተ ሙከራና በአምስት አገሮች በሚሠሩ የአንድ ቴሌኮም ኩባንያ መሐንዲሶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በቪዲዮ የተገናኙ ጥንዶች በአካል ከተገናኙት ያነሱ አዳዲስ ሐሳቦች ማፍለቃቸውን አሳይተዋል። ከቀረቡት ሐሳቦች የተሻለውን በመምረጥ ረገድ ግን ቪዲዮው አላሳነሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኦርሊንስ ላይ ሊካሄድ የነበረው የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ጉባኤ አይዛክ በተባለው አውሎ ነፋስ ምክንያት ሲሰረዝ ምን እንደ ተፈጠረ የመረመሩ ኢኮኖሚስቶችም፣ እዚያ ሊገናኙ ይችሉ የነበሩ ምሁራን ከዚያ በኋላ አብረው የመጻፍ ዕድላቸው መቀነሱን አግኝተዋል። እነዚህ ማስረጃዎች ስለ ሐሳብና ስለ ትብብር እንጂ ስለ እውነተኛ ምስክርነት አይናገሩም፤ ከሚሸከሙት በላይ ላሸክማቸው አልፈልግም። የሚያሳዩት ግን በአካል መገናኘት ልማድ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ከሁሉም የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በቪዲዮም እኮ መጠየቅ ይቻላል። አልፎ ተርፎም፣ በትልቅ አዳራሽ እጁን ለማውጣት የሚፈራ ሰው በጽሑፍ ይደፍራል። ይህን እቀበላለሁ፤ አዘጋጆችም በአካል በተገኙ ሰዎች መካከል ጭምር የጽሑፍ ጥያቄ ቢፈቅዱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በቪዲዮው ስብሰባ ጥያቄዎቹን የሚያጣራው ብዙ ጊዜ የተጠያቂው ኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ ያልተመረጠው ጥያቄ መቅረቱንም ሌላው አያውቅም። በደንብ በሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች መካከል ከሆነ ቪዲዮው ይበቃል፤ አንድ ጊዜ በአካል የተፈተነ መተማመን በርቀት ለብዙ ጊዜ ያገለግላልና። ሁለተኛው የዮሐንስ መልእክት ጸሐፊ ብዙ የሚለው እያለው በጽሑፍ ከመጨረስ ይልቅ መጥቶ ሊያነጋግራቸው እንደሚመኝ ይናገራል፤ ያንንም የተናገረው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አልተናቀም፤ የመምጣቱ ቃል ኪዳን ግን ክብደት ሰጠው። የቪዲዮ ስብሰባ መሣሪያ የሚሠራው ዙም የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2023 ከቢሮው በ80 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሠራተኞቹ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ እንዲገቡ ሲወስን ብዙዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አድርገው አይተውታል። እኔ ግን መሣሪያውን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች የመሣሪያውን ወሰን እንደ መሰከሩ እቆጥረዋለሁ።

የሚቀረው ከፍትሕ የሚነሣው ተቃውሞ ነው። መሄድ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ከገንዘብ በፊት ደግሞ ቪዛ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በተካሄደው ኒውሪፕስ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ፣ ብላክ ኢን ኤአይ በተባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ማኅበር በኩል ሊገኙ የነበሩ ብዙ ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። አይሲኤልአር የተባለው ሌላው ትልቅ ጉባኤ የ2020 ስብሰባው አዲስ አበባ እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ ኮቪድ መጣና ወደ ኢንተርኔት ዞረ፤ በ2023 ኪጋሊ ላይ በአካል ተካሄደ። ታዲያ በአካል መገኘት ይህን ያህል ዋጋ አለው ማለት ለታደሉት መከራከር አይሆንም? የሚሆነው ክርክሩን ግማሽ መንገድ ላይ ስናቆመው ነው። መገኘት ማለት መጠየቅ መቻል ከሆነ፣ በቪዛ የተከለከለ ባለሙያ የተነፈገው ከጉዞ በላይ ነው፤ የመጠየቅ መብቱን ነው የተነፈገው። «ቪዲዮውን ይመልከት» የሚለው ማጽናኛም የባሰ ይሆናል። በመገናኛ ሶፍትዌር ላይ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል። ጥሪው በደካማ ኔትዎርክ ላይ እንዳይቆራረጥ፣ መብራት ሲጠፋ ስብሰባው እንዳይበተን መጠየቅ የሚያውቀው በዚያ ሁኔታ የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱ በሌለበት አዳራሽ መሐንዲሱ ይህ ጥያቄ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይወጣል። ስለዚህ ቪዛ አግኝቶ የሚሄድ አማካሪ ያልሄዱትን ባልደረቦቹን ጥያቄ በጽሑፍ ተቀብሎ በስማቸው ማቅረብ፣ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰም ለእነሱ ማድረስ አለበት። አዘጋጆቹ ደግሞ ኪጋሊ ላይ የተቻለው ለመገናኛ ሶፍትዌር ጉባኤ የማይቻልበትን ምክንያት ሊነግሩን ይገባል።