ተጧሪ ሰው መስጠት ይገባዋልን?

አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ይሉ ነበር። እርጅና በሽታንና ድህነትን አስከትሎ ይመጣልና፥ ብቻውን ቢመጣ በቻልነው ነበር ማለታቸው ነው። እኔም ስድሳን ካለፍሁ ወዲህ ነገሩ ገብቶኛል። ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፥ ከእነዚህ ኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሌላ ተከታይ አለ፤ እርሱም ከመስጠት መከልከል ነው።

በአገራችን ጧሪ ያጡ ሽማግሎችና አሮጊቶች ከመንግሥት ጥቂት ገንዘብ የሚያገኙበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም በገጠር በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በከተማም በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተከተለ። ጉልበት ያለው ድኻ ሠርቶ እንዲቀበል፥ ጉልበቱ ያለቀበት ግን ሥራ ሳይጠየቅ በቀጥታ እንዲሰጠው ተደረገ። ይህ መልካም ነው።

ከዚሁ ገንዘብ የሚቀበሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። ብሩ በእጃቸው በገባ ጊዜ አስቀድመው የእድራቸውን መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቀጥሎም ቡና ገዝተው ጎረቤት ይጠራሉ። ወሩ ሳይጋመስ እንጀራ ሲያጥራቸው ባየሁ ጊዜ፥ የመምህርነት ልማዴ አልለቅ ብሎኝ፥ «እማማ፥ ይህ ገንዘብ የተሰጠዎት ለእህል እኮ ነው፤ ስለምን በቡና ይጨርሱታል?» አልኋቸው።

እሳቸውም ስኒውን እያለቀለቁ፥ «ልጄ፥ እህሉንማ ብቻዬን እበላዋለሁ» አሉኝ።

መልስ አጣሁ።

እንዲህ ያለው ተግሣጽ የእኔ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የጡረታ ሕግ፥ ሰባ ዓመት ለሞላው ድኻ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡም በፖስታ ቤት ስለ ተከፈለ፥ ብዙ ሰው ከምጽዋት ውርደት ዳነ። ቢሆንም ሕጉ በመጀመሪያ ጠባይን ይመረምር ነበር፤ እየቻለ ከሥራ ሲሸሽ የኖረ ሰው ሊከለከል ይችል ነበር። የሰጪ እጅ እንዲህ ነው፤ ሳንቲሙን ሰጥቶም እንኳ ጫፉን አልለቅም ይላል።

«የሕዝብ ገንዘብ ነውና ሊጠየቁበት ይገባል» የሚል ይኖራል። አርባ ዓመት ያህል የበላሁት ደመወዝም የሕዝብ ነበር፤ ማንን ቡና እንደ ጋበዝሁበት የጠየቀኝ ግን የለም። ሠርቼበታለሁ እል ይሆናል። እሳቸውስ ሲፈጩ፥ ሲጋግሩ፥ ልጅ ሲያሳድጉ አልኖሩምን? ደመወዝ የቈረጠላቸው አልነበረም እንጂ።

መቼም የሆድ ነገር ቀላል አይደለም። ድጋፉ ባለበት ቆሞ የጤፍ ዋጋ ሲወጣ፥ ስለ ክብር መጻፍ ጠግቦ ለሚያድር ሰው ይቀላል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ገንዘቡ ይጨመር ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን እድሩ ከፋይ ብሎ የሚያውቀውና ስሙ በተረጂ መዝገብ ላይ ብቻ የሚገኝ ሽማግሌ፥ እኩል ቢበሉም እኩል አይኖሩም። የፊተኛው አንድ ቀን ቢቀር «ምነው ቀሩ?» ይባላል። የኋለኛው ቢቀር የሚያውቀው መዝገብ ያዡ ነው፤ እርሱም በወሩ መጨረሻ።

በዚያ ቀን አቦሉን ጠጥቼ ልነሣ ስል አሮጊቷ ተቈጡኝ። «በረካ ሳይደርስ ወዴት ነው?» አሉ።

ተቀመጥሁ። ሦስተኛውንም ስኒ ከእጃቸው ተቀበልሁ።