ዘመን ሲገለበጥ

ልጄ፣ የለመድኸው ሥራ ከእጅህ እየወጣ ስለሆነ ጭንቅ ይዞሃል። አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ዛፉ ከሥሩ ሲነቀል ግን ሙጭጭ ብለህ አብረህ ውደቅ አላሉህም። ምድሪቱ ራሷ ጠባይዋን የቀየረችባቸው ሰዎች ያደረጉትን ልንገርህና አንተ ፍረድ።

የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ ከሰሜኑ ምድር ብዙው በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ውሃው በበረዶ ታስሮ ስለቀረ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ዝናቡም ስላነሰ ድርቁ ለእኛም አልቀረልንም፤ በዚያ ዘመን መገባደጃ ጣና እንኳ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ይመሰክራል። ኋላ ምድር ሞቀች፤ በብዙ አገርም ዝናቡ ተመለሰ።

ያኔ በዛሬዎቹ እስራኤል፣ ፍልስጤምና ዮርዳኖስ አዳኞች ይኖሩ ነበር። ተመራማሪዎች ናቱፋውያን ይሏቸዋል። የሜዳ ፍየል ማደናቸውን ሳይተዉ ማንም ያልዘራውን የዱር ስንዴና ገብስ በድንጋይ ስለት ያጭዱ፣ በድንጋይ ሙቀጫ ይወቅጡ ነበር። በዮርዳኖስ፣ ሹበይቃ በተባለ ስፍራ፣ ከምድጃቸው የተገኘው ያረረ የቂጣ ፍርፋሪ 14,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እርሻ ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። ጥንቸሉንም ኤሊውንም ወፉንም ትንሽ ነው ብለው አልናቁም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው እነሱን አይነካም፤ አዲሱን ያነሱት አሮጌውን እንደያዙ ነው። አንተም አዲስ ሙያ ስትይዝ የቀድሞውን መሣሪያህን አትሽጥ፤ ትንሽ ገቢም አትናቅ።

የሚበልጠው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች በሑላ ሐይቅ አጠገብ፣ ዓይን ማላሓ በተባለ ስፍራ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ክብ ቤት ሠርተው ተቀምጠው ነበር። የዛሬ 12,900 ዓመት ገደማ ብርዱ ድንገት ተመለሰና ከ1,000 ዓመት በላይ ቆየ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ጓዛቸውን አቅልለው እንደ አያቶቻቸው ከቦታ ቦታ መዞር ጀመሩ። ቤት ሠርቶ የኖረ ሰው ወደ መንገድ ሲመለስ ጎረቤት ምን ይለኛል ቢል ኖሮ ልጆቹን በረሃብ በጨረሰ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ ኪራይ ከብዶህ ወደ ጠባብ ቤት ብትገባ፣ ወይም ወደ አባትህ ቀዬ ብትመለስ፣ ውርደት አይምሰልህ። ሲመቸው የሚሰፋ፣ ሲከፋ የሚጠብብ ሰው ነው የሚሰነብተው።

የዛሬ 11,700 ዓመት ገደማ ሙቀቱ ዳግመኛ ሲጸና፣ በዚያው ምድር በኢያሪኮና በሌሎች መንደሮች ሰው እንደገና ተቀመጠ፤ እያደርም መዝራት ጀመረ። እርሻው ከባዶ አልተነሣም። የትኛው እህል መቼ እንደሚደርስ፣ እንዴት እንደሚታጨድና እንደሚወቀጥ ቀድሞ የታወቀ ነበር። በክፉው ዘመን ቤቱ ቢቀርም እውቀቱ አልቀረም።

እንግዲህ ነገ ተነሥተህ የምትችለውን ሁሉ ቁጠር፤ ከልጅነትህ የተማርከውን የእጅ ሥራም አትርሳ። ጭንቁንም ለብቻህ አትሸከም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ወንድሞችህን አማክር። ማስተዋሉን ይስጥህ፤ የምትይዘውንም የምትለቀውንም እግዜር ያሳይህ።