የማኩረፍ መብት

ስለ ሙት ልጅ የተጻፉ የልጆች ልብ ወለዶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ልጁ እናት አባቱን የሚያጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ነው፤ ደራሲው ሞቱን ቶሎ ይገላገለዋል። የመጽሐፉ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ነውና፦ የዘመድ ቤት።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼ "ሃይዲ"ን የልጆች ተረት ነው ብለው ይንቁት ነበር። ስዊዘርላንዳዊቷ ዮሐና ስፒሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 እና በ1881 በሁለት ክፍል ያሳተመችው ነው። አክስቲቱ ዴቴ ሥራ ስታገኝ የአምስት ዓመቷን ሃይዲን ተራራ ላይ ብቻውን ለሚኖር አያቷ ትጥላታለች። ቆይታ ተመልሳ ትመጣና ፍራንክፈርት ወስዳ ለሀብታም ቤት ታስረክባታለች። ልጅቷን ተራራው ይናፍቃታል። "ናፈቀኝ" ብትል ግን ውለታ ቢስ የምትባል ይመስላታል፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። ትከሳለች፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች ትዞራለች። የቤቱ ሰው መንፈስ የገባ መስሎት ሲሸበር፣ ነገሩን የሚደርስበት ሐኪሙ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሞጆ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ አንዱ ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ መቂና ሐዋሳ የሚለያይባት፣ ደረቅ ወደቡ ከመጣ ወዲህ የከባድ መኪና መዓት የሚተራመስባት ከተማ። እዚያ የምጠይቃት የቆየች ወዳጅ አለችኝ። የሟች እኅቷን ልጅ ታሳድጋለች። ጎረቤቱ "ጽድቅ ነው የሠራሽው" ይላታል፤ እውነቱን ነው። ልጅቷ ትማራለች፣ ከአክስቷ ልጆች እኩል ትለብሳለች። ውኃ ትቀዳለች እንደሆነ እነሱም ይቀዳሉ። አንድ ነገር ግን ዓይኔን ያዘው። የቤቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በቀጥታ መሶቡን ይከፍታሉ። እሷ "እትዬ፣ ልብላ?" ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ! ጠይቂ ያላት ማንም የለም። ("እትዬ" የአክብሮት ቃል ነው፤ የቤት ሠራተኛም እመቤቷን የምትጠራው በዚሁ ነው።)

"ጨዋ ናት" አለችኝ ወዳጄ፤ "አንድ ቀን አኩርፋብኝ አታውቅም።"

እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። ልጅ የሚያኮርፈው የሚያባብለው እንዳለ ሲያውቅ ነው። "አልበላም" የሚል ልጅ "ብላ በሞቴ" የሚለው ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ ነው። ያቺ ልጅ ግን ሂሳቡን ሠርታለች፤ እምቢ ብትል የምትለምናት እናት መቃብር ውስጥ ናት። ፍራንሲስ በርኔት በ1911 በወጣው "ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ" የፈጠረቻት ሜሪ ወላጆቿን ሕንድ አገር በኮሌራ አጥታ እንግሊዝ አጎቷ ቤት ስትገባ ኩርፊያዋን ይዛ ነው። ነጭናጫ፣ ቆጥቋጣ ልጅ ናት። ብዙ አንባቢ ይጠላታል፤ እኔ ግን ከሃይዲ ይልቅ ለእሷ እምብዛም አልሰጋም።

"ታዲያ አታመስግን ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። የበላችበትን ወጪት ትስበር አላልኩም። አክስቲቱ ከልጆቿ ጉርሻ ቀንሳ እንደምታጎርሳት አውቃለሁ። ግን ዕዳው የማን ነው? ተበዳሪ ወዶና ፈቅዶ ይበደራል፤ ሕፃንን ያመጣት ሞት ነው። አክስቲቱ ግዴታ ካለባት ለእኅቷ ነው፤ ስትከፍልም የራሷን ትከፍላለች። ያን ክፍያ መልሶ በልጅቷ ስም መመዝገብ ፍርድ አይመስለኝም።

በዚያው አገር ኦሮሞው ለዚህ ጥንታዊ መልስ አለው። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛ ከኦሮምኛ ወስዶ የሕግ ቃል አድርጎታል፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅን እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥረዋል። በባህሉ ነገሩ በሽማግሌ ፊት ይፈጸማል፤ ልጁም የአሳዳጊውን ዘር ይቆጥራል። አማራውም የጡት ልጅ የሚያደርግበት ሥርዓት ነበረው፤ በማር የተነከረ ጣት ማጥባት። ሥርዓቱ ሲያልቅ እንግድነቱም ያልቃል።

የእኅት ልጅን ግን ማን ማር ያጠባታል? "ደሜ አይደለች እንዴ!" ይባላል። ባዕድ ብትሆን ኖሮ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር፤ ዘመድ በመሆኗ ማንም "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ" አላላትም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ተብሎ ታልፏል። ልጅቷም እንግዳም የቤት ልጅም ሳትሆን መሶቡ አጠገብ ቆማለች።

ይህን ለወዳጄ ሳወራላት ብዙ ዝም አለች።

"ታዲያ ምን ላድርግ? አኩርፊ ብዬ ልቆጣት?" አለችኝ።