ከቤት ውጭ የነበረው ደቀ መዝሙር

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20፥ ከቍጥር 19 እስከ 29 ይነበብ።



ሚያዝያ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበረ፤ በማግሥቱም ፋሲካችን ነበረ። እኛም በዚያን ጊዜ በካርቱም ከተማ የምትገኝ አንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበረ ምእመናን እናገለግል ነበር። በዚያ ዕለት የካርቱም ክፍለ ሀገር ስለ ኮሮና ወረርሽኝ በዐዋጅ ተዘጋ። ካርቱምን፥ ኦምዱርማንንና ባሕሪን የሚያገናኙት የዐባይ ድልድዮች ተዘጉ። ሰው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ፥ ያውም በገዛ ሰፈሩ ውስጥ፥ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሊገዛ ይወጣ ዘንድ ተፈቀደለት። መስጊዶችም አብያተ ክርስቲያናትም የኅብረት ጸሎታቸውን እንዲያቆሙ ታዘዙ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብደላ ሐምዶክ የዐርብን ጸሎት አላስቆምም ያሉትን የክፍለ ሀገሩን ገዥ ከሥልጣናቸው አንሥተዋቸው ነበር። ይህንም የምንጽፈው በትእዛዙ ምክንያት የተከራከርን እኛ ብቻ እንዳልነበርን አንባቢ ያውቅ ዘንድ ነው።

ሦስት ሳምንት ተብሎ የተጀመረው መዘጋት እየተራዘመ እስከ ሐምሌ መግቢያ ደረሰ። እናንተ በደጋ የምትኖሩ ወንድሞቻችን የካርቱምን ግንቦት አታውቁትም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ መስኮት ሁሉ ይዘጋል። አምስትና ስድስት ሰው በአንዲት ክፍል የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚናፍቀው እንጀራን አይደለም፤ ጥቂት መንገድ መራመድን ነው።

ከምእመናኖቻችን መካከል ዕድሜያቸው ስድሳ የደረሰ፥ የስኳር በሽታ ያለባቸው አንድ ወንድም ነበሩ። ሐኪማቸው በየቀኑ ካልተራመዱ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃቸው ነግሯቸዋል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ባዶ ዘንቢል በእጃቸው አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ ዳቦ ቤቱንም አልፈው እስከ ዐባይ ዳር ድረስ ይሄዱና ይመለሳሉ። ዘንቢሉ ለፖሊስ ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ከማኅበራችን ሽማግሌዎች በዕድሜ ሁሉን የሚያንሰው ወንድም በዳቦው ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ አያቸውና በሰው ሁሉ ፊት፥ «ጋሼ፥ ዳቦ ቤቱ ወዲህ ነው፤ ዐባይ ዳር ዳቦ አይሸጥም» አላቸው። ሰልፈኛው ሳቀ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ እኔ የምገዛው ሐኪም ያዘዘልኝን ነው» ብለው አለፉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን፥ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደ ሆነ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏልና እርሱን መጠበቅ ኃጢአት ሊሆን አይችልም ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ ለባለ ሥልጣን መገዛትን ስለሚያዘው ስለ ሮሜ መልእክት 13ኛ ምዕራፍ ይናገራል፤ ደግሞም ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የሰውነት ማጠንከሪያ የሚጠቅመው ለጥቂት ነው ብሎ እንደ ጻፈለት ያስታውሳል። በዚህ በኋለኛው ጥቅስ ላይ አንድ ነገር እንናገር። ሐዋርያው ጥቂት አለ እንጂ ምንም አላለም። በስኳር በሽታ ለሚሠቃይ ሰው ደግሞ ያ ጥቂት ነገር እግር ማለት ነው፤ ዐይን ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ ቢሆን ኖሮ የዓለም መንግሥታት ባልተለያዩበት ነበር። በዚያው ወራት ፈረንሳይ ሰው ከቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ለአንድ ሰዓት እንዲራመድ ፈቀደች። እንግሊዝ በቀን አንድ ጊዜ ብላ ወሰነች። እስፓንያ ግን ከመጋቢት 5 እስከ ሚያዝያ 23 ድረስ ማንም ለሰውነት ማጠንከሪያ ብሎ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር፤ ልጆች እንኳ ከደጅ ሳይወጡ ስድስት ሳምንት ቆዩ። ደቡብ አፍሪካም ከመጋቢት 18 ጀምራ ፈጽማ ከልክላ፥ በሚያዝያ 23 ቀን ከጧቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፥ ከአምስት ኪሎ ሜትር ሳይርቁ እንዲራመዱ ፈቀደች። ሊቃውንት አማካሪዎች ያሏቸው መንግሥታት እንዲህ ከተለያዩ፥ በዳቦ ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ ወንድም እንዴት ያለ ጥርጥር ሊፈርድ ይችላል?

በወጣቱም ላይ አንፍረድ። እናቱ ከጎንደር ሊጠይቁት መጥተው ድንበሩ በመዘጋቱ ምክንያት እርሱ ዘንድ ቀርተዋል፤ አስምም አለባቸው። ደግሞም እኛ በዚያ አገር እንግዶች ነበርን፤ ከመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ብዙ ነበር። አንድ ሐበሻ ትእዛዝ ሲያፈርስ ቢያዝ ፖሊስ የሚያንኳኳው የአንድ ሰው ደጅ ብቻ አይሆንም። ቍጣው ከፍርሃት የተወለደ ነበረ፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው።

እኛስ ምን አደረግን? የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምተን፥ ሐኪሙ ያዘዘውን ሳንጠይቅ፥ ለእኒያ ወንድም ስልክ ደውለን ገሠጽናቸው። እርሳቸውም፥ «እሺ፥ ቄስ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መራመዳቸውንም ተዉ። በሰኔ ወር እግራቸው ቆሰለ፤ በክረምቱም አንዲት ጣታቸው ተቈረጠች። መንሥኤው ይህ ነው ብሎ መፍረድ የሐኪም ሥራ ነው። እኛ ግን የዚያን ቀን «እሺ» የሚለውን ድምፃቸውን እስከ ዛሬ እንሰማዋለን።

እነሆ አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ደቀ መዛሙርት ከፍርሃት የተነሣ ደጁን ዘግተው በቤት ተቀምጠዋል። ጌታም በመካከላቸው ቆሞ ሰላምን ይሰጣቸዋል። ቶማስ ግን ከእነርሱ ጋር አልነበረም። ወዴት ሄዶ ነበር? ወንጌላዊው አይነግረንም። እንጀራ ሊገዛ ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም ኀዘኑን ብቻውን እየተራመደ ሊያስተነፍስ። ፈሪ ሰው እንዳልነበረ ግን እናውቃለን፤ ይኸው ዮሐንስ በ11ኛው ምዕራፍ፥ ሌሎቹ ወደ ይሁዳ መመለስን ሲፈሩ ቶማስ ከጌታ ጋር ሄደን እንሙት ማለቱን ጽፎልናልና።

በውጭ የነበረው ሲመለስ በቤት የነበሩት ምን አሉት? አንተ ዘዋሪ፥ በአንተ ምክንያት ሁላችን በተያዝን ነበር አላሉትም። ያዩትን ነገሩት፤ ይኸውም ጌታን ማየታቸውን ነው። እርሱም አላመናቸውም፤ ከባድ ቃልም ተናገረ። ከስምንት ቀን በኋላ ግን ወንጌሉ ቶማስ ከእነርሱ ጋር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ስምንቱን ቀን ያላመነው ካመኑት ጋር በአንድ ቤት ሰነበተ፤ እነርሱም አላስወጡት፥ እርሱም አልሄደባቸው። ይህ ነገር ከተዘጋ ደጅ ከማለፍ የማያንስ ተአምር ይመስለናል።

ደግሞ አስተውሉ፤ በስምንተኛውም ቀን ደጁ ተዘግቶ ነበር። ሰላምን ተቀብለው፥ ተልከው፥ ጌታን በዐይናቸው አይተው ሳሉ ገና ይዘጉ ነበር። ጌታም ስለ መዝጋታቸው አልገሠጻቸውም። ቶማስንም ባለፈው እሑድ ወዴት ነበርክ ብሎ አልጠየቀውም። እጁንና ጎኑን አሳየው እንጂ። እኛ በካርቱም የጠየቅነው ጌታ ያልጠየቀውን ያንኑ ጥያቄ ብቻ ነበረ።

አባታችን ማርቲን ሉተርም በዚህ ነገር ተፈትኗል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1527 ዓ.ም. በዊተንበርግ ቸነፈር ገባ። ዩኒቨርሲቲው ወደ የና ተዛወረ፤ መስፍኑም ሉተር እንዲሄድ ነገሩት፤ እርሱ ግን ከቡገንሐገን ጋር በከተማው ቀርቶ በሽተኞችን አገለገለ። በብረስላው የነበረው ቄስ ዮሐንስ ሄስ ክርስቲያን ከቸነፈር ይሸሽ ዘንድ ይገባዋልን ብሎ ስለ ጠየቀው ሉተር መልሱን በደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ሸሹ ወይም አትሽሹ ብሎ በአንድ ቃል አልፈረደም። ሰው ላገልግሎቱ የሚያስፈልገው ሁሉ ይቆይ፤ ባልንጀራው ያለ ረዳት የማይቀርበት ቢሄድ አይነቀፍ፤ መድኃኒትን የሚንቅና በድፍረት በሰው መካከል የሚመላለስ ግን እግዚአብሔርን ይፈታተናል ብሎ አስተማረ። ራሱም ወደማያስፈልግበት ቦታ እንደማይሄድ፥ ባልንጀራው ሲፈልገው ግን እንደማይቀር ጻፈ። እንግዲህ የእርሱ ጥያቄ ወጣህን ወይስ ተቀመጥህ የሚል ሳይሆን ባልንጀራህ ወዴት ነው የሚል ነበረ።

በዚህ ሚዛን ብንመዝን የእኒያ ወንድም መራመድ ማንንም አልጎዳም። ዘንቢሉን በተመለከተ ግን ዝም አንልም፤ ባዶ ዘንቢል ይዞ ገበያተኛ መምሰል ሐሰት ነው። ይህን ራሳቸው በኋላ ነግረውናል፤ ከእግራቸው ይልቅ እርሱ ያሳፍራቸው እንደ ነበረም አልሸሸጉንም። ወጣቱ ደግሞ በየማታው ዘጠኝ ሰው በአንዲት ክፍል ሰብስቦ፥ መስኮቱን ስለ አቧራው ዘግቶ ያስጸልይ ነበር። ይህ በሽታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በትንፋሽ ይበልጥ እንደሚተላለፍ፥ በሜዳ ግን እጅግ እንደሚያንስ ዛሬ ሐኪሞች ያስተምራሉ። እናቱን ከሰውዬው እርምጃ ሲጠብቅ የእርሱ የገዛ ጸሎት ቤት ይበልጥ አስጊ ነበረ። ማንኛቸውም አላወቁም፤ እኛም አላወቅንም።

ከዚህ ሁሉ የሚብስ አንድ ነገር ቀረን። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ በካርቱም መንገድ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። አንዲት ማንደጃ፥ ጥቂት ብርጭቆ፥ ለደንበኛ የሚሆኑ አጫጭር በርጩማዎች፤ ሀብታቸው ይኸው ነው። መንገዱ ሲዘጋ ገቢያቸው በዚያው ቀን ቆመ። የቤት ሠራተኞችም የነበሩት፥ በሽታ እንዳያመጡ ተብሎ ከየቤቱ ተሰናበቱ። እኛ ሽማግሌዎች ግን በስልክ ስንወያይ ስለ መራመድ ሦስት ጊዜ ተነጋገርን፤ ስለ ዱቄት አንድ ጊዜ። ከእነዚህ እኅቶች አንዲቱ ደውላ፥ «ቄስ፥ እናንተ ስለ መራመድ ትጣላላችሁ፤ እኔ የምቀመጥበት አጣሁ» አለችን። ኑሮዋ በዚያች በርጩማ ላይ መቀመጥ ነበርና። ከዚያ ወዲያ ዱቄትና ዘይት ማከፋፈል ጀመርን፤ ዘግይተን ነበር። የያዕቆብን መልእክት 2ኛ ምዕራፍ ለሌሎች ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል።

አብያተ ክርስቲያናት ሲከፈቱ በመጀመሪያው እሑድ ቅዱስ ቍርባን አዘጋጀን። ሽማግሌው ወንድም እያነከሱ ወደ ማዕዱ መጡ። እኛም ከማዕዱ አስቀድመን በማኅበሩ ፊት ይቅርታ ጠየቅናቸው። ወጣቱ ግን በስፍራው ተቀምጦ ቀረ። ከእርሳቸው ጋር ሳይታረቅ እንዳይቀርብ ማቴዎስ 5ኛውን ምዕራፍ አስቦ እንደ ሆነ ገመትን፤ ለመታረቅም ግን እግሩ አልተነሣም። እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ፥ ዓመትም አለፈ። ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ከዚያ አያልፍም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቅዳሜ ነበረ፤ ያም ቀን የፋሲካችን ዋዜማ ነበረ። በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በካርቱም ተነሣ። ደጆች ሁሉ በሁለተኛ ጊዜ ተዘጉ፤ አሁን ግን ከጥይት የተነሣ። ውኃም ተቋረጠ። ወጣቱ በዚያን ጊዜ አግብቶ የሦስት ወር ልጅ ነበረው። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ደጁ ተንኳኳ። ብዙ ጊዜ ፈርቶ ቆይቶ ሲከፍት እኒያ ወንድም ዘንቢል አንጠልጥለው ቆመዋል፤ በዘንቢሉም ውስጥ ዳቦና ሁለት ጠርሙስ ውኃ አለ። መራመድን ለምደው በነበሩበት ጊዜ ያወቋቸውን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ይዘው መምጣታቸው ነበረ።

«ጋሼ፥ በእንዲህ ያለ ቀን ይወጣሉ?» አላቸው።

«ሐኪም አዝዞኝ ነው» አሉት።

ይህን የነገረን ወጣቱ ራሱ ነው። በግንቦት ወር ከገዳሪፍ ተነሥተው በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገሩ በአንድ መኪና ነበሩ፤ ሕፃኑም በሽማግሌው ጭን ላይ ነበረ።

ጌታ ሆይ፥ ከዚያች ከተማ ወጥተው እስከ ዛሬ ወደ ቤታቸው ያልተመለሱትን፥ በየሰፈሩ ደጃቸውን ዘግተው አንተን የሚጠብቁትንም አስብ። አሜን።