መዞሪያ ያለው ቦታ

ከደባርቅ ወጣ ብለው ገብስ ጭነው ወደ ዛሪማ ገበያ የሚወርዱ ሁለት ነጋዴዎች ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ጉም ደረሰባቸው። ሽማግሌው በቅሏቸውን አቁመው ጭነቱን አራገፉ። ወጣቱ ገበያው እንዳያመልጠው ቸኩሏል። ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ የታችኛው መንገድ ታየው፤ «ይኸው ገለጠ!» ብሎ ወረደ። ጥቂት እንደሄደ ከፊቱም ከኋላውም ተዘጋበት። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች፤ በዱላ ነዳት። መንገዱ እየጠበበ መጣ። ሊመልሳት ሲሞክር ጆንያው ከቋጥኙ ጋር ተላተመና ወደ ገደሉ ገፋት። እሱ ተረፈ፤ በቅሎዋ ከነጭነቷ ገባች።

ሽማግሌው ይህን ዳባት ላይ ላገኙት አንድ ወጣት አብራሪ አወጉት።

«አባባ፣ የኔ አውሮፕላን እኮ በቅሎ አይደለችም። ሞተሯ ብርቱ ነው።»

«በቅሎዋስ መቼ ደከመች ልጄ?»

አብራሪው መልስ አጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን አሳፍራ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኚዶ የስደተኞች ጣቢያ የተነሳችው ትዊን ኦተር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭታ 16ቱም ሰዎች እንዳለቁ ያውቃል። ለተራበ ሰው ሊደርሱ ነበር የሄዱት፤ ደግ ጉዳይ ግን ተራራ አያስነሳም። ዛሬም በዓለም ዙሪያ እያዩ መብረር ያለባቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ደመና ውስጥ ሲገቡ፣ ሞተራቸው እየሠራ፣ ሰው ያልቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ሸለቆው ሲጠብ ሽቅብ መውጣትም መዞርም አይቻልም።

«ታዲያ እርስዎ የት ላይ ነው የሚመለሱት?»

«ከነጭነቷ ልትዞር የምትችልበት የመጨረሻው ቦታ ሳልደርስ። እዚያ ከደረስኩ በኋላማ ምኑን እመርጣለሁ?»

አብራሪው ካርታውን ዘረጋ። በሸለቆ ውስጥ መሐሉን ይዞ መብረር ልማዱ ነበር። አንዱን ጎን ተጠግቶ ቢበር ግን የሸለቆው ስፋት በሙሉ ለመዞሪያ ይተርፈዋል። ትምህርት ቤት የነገሩትን አሁን ገና ከልቡ ሰማው። ሸለቆው መጥበብ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቦታ ላይ በእርሳስ አሰመረ፤ ደመናው እዚያ ላይ ዝቅ ካለ ሊመለስ።

በማግስቱ ጎንደር፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ አክሱም የሚሄድ ተሳፋሪ ሰዓቱን እያየ ጠበቀው። የሰሜን ተራሮች በደመና ተሸፍነዋል። «ዛሬ አንሄድም፤ ነገ ጠዋት እናየዋለን» አለው። ሰውየው ተቆጥቶ መኪና ፍለጋ ሄደ፤ አብራሪው የአውሮፕላኑን ክንፎች በገመድ ማሰር ጀመረ።