የገጽ ሥልጣን ከየት ይመነጫል?

ጽሑፍ ጸሐፊው በሌለበት ስለሚናገር፣ በማን ሥልጣን እንደሚናገር መጠየቅ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችን ያከራከረ ጉዳይ ነው፤ ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ፣ የተጻፈ ቃል ቢጠይቁት እንደማይመልስ፣ ቢነቅፉትም ራሱን መከላከል እንደማይችል በሶቅራጥስ አንደበት ያስረዳል።

ቃል ያለ ጽሑፍም ሥልጣን ሊኖረው ይችላል፤ በጋምቤላ ክልል ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ በሆነው በኑዌር ዘንድ ከባድ ጉዳይ ያለ ወረቀት ሲጸና ኖሯል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባሉት የሥነ ሰብእ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ሰው የገደለ ኑዌር «ኩዋር ሙዎን» ወደሚባለው፣ ማለትም የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው የምድር ካህን ቤት ይሸሻል፤ ካህኑ በዓሣ መውጊያ ጦር የገዳዩን ክንድ ሰንጥቆ ደሙን እስኪያፈስለት ድረስም ገዳዩ እህል ውኃ አይቀምስም። ካህኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ የደም ካሣውን ከብት ያስማማል፤ የሚያስገድድበት ኃይል ባይኖረውም፣ እርግማኑ ስለሚፈራና ራሱም በመካከላቸው ስለሚቆም ቃሉ ይደመጣል።

ወረቀት ሲመጣም የቃል ሥልጣን ከኋላው በሚቆመው አካል ላይ መመሥረቱ አልተለወጠም። የሥነ ሰብእ ሊቅ የሆኑት ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የደቡብ ሱዳን ኑዌሮች ወረቀትን የመንግሥት ኃይል መተላለፊያ አድርገው እንደሚያዩት አሳይተዋል። በጋምቤላ መጠለያዎች ለስደተኛ የሚሰጠው የራሽን ካርድም ቢሆን እህል የሚያሰጠው መዝግቦ የሚቀበለው አካል ከኋላው ስላለ ነው፤ ያ አካል አልቀበልም ካለ፣ ካርዱ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ዋጋውን ያጣል።

ጥያቄው በድረ ገጽ ላይ ይበልጥ ይከብዳል። ድረ ገጽ፣ አንባቢ በጠራው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ኮምፒውተር ተልኮ በስክሪን ላይ እንደ አዲስ የሚዘጋጅ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ትናንት የተነበበው ቃል ዛሬ ቢለወጥ፣ ብራና ሲፋቅ እንደሚተወው ያለ ጠባሳ በገጹ ላይ ላይታይ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ሥልጣንና እውነት አንድ አይደሉም፤ ማኅተም ያረፈበት ሐሰት ያው ሐሰት ነው። ሆኖም ተጠያቂ ያለው ስሕተት ሊታረም ሲችል፣ ባለቤት የሌለው ስሕተት ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ አንባቢ የገጹን ውበት ከመመልከቱ በፊት፣ «ስለዚህ ቃል የሚመልሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መላሽ ካላገኘም ያነበበውን እንደ ወሬ ይቁጠረው እንጂ እንደ ማስረጃ አይያዘው።